ለሽያጭ የምትጋግሩ ከሆነ ከአፑ በፊት ሚዛኑን ግዙ

ይህ ግምገማ ስለ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን ነው። ያ ጠፍጣፋው፣ እስከ 5 ኪሎ የሚችለው፣ በ1 ግራም ልዩነት የሚያነበው። ብራንዱን አልጠቅስም፤ የማወድሰውም የማማርርበትም ነገር በዚህ ዓይነት ሚዛን ሁሉ ላይ የሚታይ ጠባይ ነው። የአዘገጃጀት መጠን የሚያባዙ የስልክ አፖችንና ኤክሴልንም በመሀል አነሳለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አፑን ካወረደ ሚዛን የማያስፈልገው ይመስለዋል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ለቤተሰብ ብቻ የምትጋግሩ ከሆነ ያለ ሚዛን ትኖራላችሁ። ለሽያጭ ከሆነ ግን፣ የአንድ ቀን ባዛርም ይሁን ሳምንታዊ ገበያ ወይም የሰው ትእዛዝ፣ ሚዛን ከሌለ "ስንት ልጋግር?" ለሚለው ጥያቄ የምትሰጡት መልስ ሁሉ ግምት ነው። አምስት ኮከብ ሳይሆን አራት የሰጠሁት ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ኩባያው። ኩባያ ለአንድ ዙር አያሳፍርም። ጉዱ የሚወጣው ሲባዛ ነው። አንድ ኩባያ ዱቄት በማንኪያ ላላ አድርጋችሁ ከሞላችሁት 120 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ነክራችሁ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ካወጣችሁት ደግሞ 150 ሊደርስ ይችላል። ያው ኩባያ፣ ያው ዱቄት፣ ያው ሰው። አንድ ኬክ ላይ 30 ግራም ብዙም አይታወቅም። ስምንት ኩባያ ሲሆን ግን ልዩነቱ 240 ግራም ይሆናል፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ኩባያ ዱቄት ሳይጠራ መጥቶ ሊጡ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ኩኪሱ ደረቀ ይባላል። ኦቨኑ ነው፣ ቅቤው ነው እየተባለ ጥፋት የሌለበት ሁሉ ይከሰሳል።

ሬሾ፣ ማለትም አንዱ ግብዓት ከሌላው አንጻር ያለው መጠን፣ የሚሠራው ሁሉም ነገር በአንድ መለኪያ ሲለካ ነው። ዱቄቱ በኩባያ፣ ቅቤው በማንኪያ፣ እንቁላሉ በፍሬ ከተቆጠረ ምኑ ከምኑ ጋር ይነጻጸራል? ሁሉም ግራም ሲሆን ግን ነገሩ የልጅ ሒሳብ ይሆናል።

የቅቤ ኩኪስን እንውሰድ። የታወቀው ሬሾ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት ነው። በድምሩ ስድስት እጅ። አብዛኛው ሰው ከአዘገጃጀቱ ተነስቶ "ይህ ስንት ይወጣዋል?" ይላል። ለሽያጭ ስትጋግሩ ግን ከጫፉ ጀምሩ። ስንት ፍሬ ነው የምፈልገው፣ አንዱስ ስንት ግራም ይሁን? 60 ፍሬ፣ እያንዳንዱ 30 ግራም ጥሬ ሊጥ ቢሆን 1800 ግራም ነው። ሳህኑ ላይ ለሚቀረው፣ ለሚሰበረውና ለሚቀመሰው (ይቀመሳል፣ አንዋሽ) 5 በመቶ ጨምሩበት፤ 1890 ይሆናል። ለስድስት አካፍሉት፣ አንዱ እጅ 315 ግራም ነው። ስለዚህ ስኳር 315፣ ቅቤ 630፣ ዱቄት 945። አለቀ። ሰው በቃል ሊሠራው የሚችለው ሒሳብ ነው፤ ሚዛን ከሌለ ግን 945 ግራም የሚባለውን ነገር የምታገኙበት መንገድ የለም።

ዳቦ ላይ መንገዱ ትንሽ ይለያል። ዳቦ ጋጋሪዎች ዱቄቱን ሁልጊዜ 100 ብለው ሌላውን ሁሉ ከሱ አንጻር በመቶኛ ይናገራሉ። ውሃ 65፣ ጨው 2፣ ፈጣን ደረቅ እርሾ 1። ድምሩ 168 ነው። ከመቶ በላይ መሆኑ መጀመሪያ ግር ይላል፣ ግን መቶው ዱቄቱ ብቻ እንጂ ጠቅላላው ሊጥ አይደለም። 2280 ግራም ሊጥ ከፈለጋችሁ ለ1.68 አካፍሉት፤ ዱቄቱ 1357 ግራም ይመጣል። ውሃው 882፣ ጨው 27፣ እርሾ 14 ግራም አካባቢ።

ታዲያ 2280 ከየት መጣ? እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ዳቦ ሲጋገር ውሃ ይተናል፤ እንደ መጠኑና እንደ ኦቨኑ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ትንሽ ዳቦ ከትልቅ ዳቦ በመጠኑ ሲታይ የበለጠ ይቀንሳል። ለደንበኛ 50 ግራም የሚመዝን ክብ ዳቦ ቃል ገብታችሁ 50 ግራም ሊጥ ከቆረጣችሁ የምታስረክቡት 44 ነው። 12 በመቶ ይቀንሳል ብለን ብናስብ 50ን ለ0.88 ማካፈል ነው፣ 57 ግራም ሊጥ ይወጣል። ያንን በ40 ዳቦ ስታባዙት 2280። የናንተ ኦቨን ስንት እንደሚቀንስ ደግሞ ማንም አፕ አይነግራችሁም። አንዱን ሊጥ ከመግባቱ በፊት፣ ዳቦውን ከቀዘቀዘ በኋላ መዝኑት፤ ሚዛኑ ያን ቀን ዋጋውን ይመልሳል።

ኬክ ላይ የምወደው ዘዴ እንቁላሉን መጀመሪያ መመዘን ነው። እኩል እኩል የሚሠራው ኬክ፣ ማለትም እንቁላል፣ ቅቤ፣ ስኳርና ዱቄት በተመሳሳይ ክብደት የሚገቡበት፣ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ትልቅ የሚባለው እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም አካባቢ ነው፣ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ስድስቱን ሰብራችሁ ስትመዝኑ 288 ካሳየ ሌላውንም 288፣ 288 አድርጉት። ትልቁም ትንሹም እንቁላል ያስኬዳል።

አፖቹ እዚህ ላይ ነው የሚያስቁኝ። አዘገጃጀቱን በሆነ ቁጥር አባዙ ስትሏቸው ፈገግ ሳይሉ "1.75 እንቁላል" ብለው ይጽፋሉ። ሚዛን ላለው ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ ሁለት እንቁላል ሰብሮ፣ መትቶ፣ 88 ግራም ያህሉን መውሰድ ነው። ሚዛን ለሌለው ግን እንቆቅልሽ ነው።

አፖቹን ሙሉ በሙሉ አልንቅም። ማባዛቱን ያለ ስህተት ይሠራሉ፤ እጁ ሊጥ የሆነ ሰው ስልኩን እያየ መቀጠል ይችላል። የማይነግሯችሁ ነገር ግን ይበዛል። ለምሳሌ ፓትራ። የ20 ሳንቲ ሜትር ክብ ፓትራ ኬክ ወደ 25 ሲያድግ "አምስት ሳንቲም ነው የጨመረው" ይባላል። የሚሞላው ስፋት ግን የሚያድገው በ1.25 ሳይሆን በ1.25 ሲባዛ በ1.25 ነው፣ ወደ 1.56 እጥፍ ማለት ነው። ከ15 ወደ 30 ከሄዳችሁ ደግሞ ለተመሳሳይ ከፍታ አራት እጥፍ ሊጥ ያስፈልጋል። የመጋገሪያ ሰዓቱም አብሮ አይባዛም። ሁለት እጥፍ ሊጥ ሁለት እጥፍ ሰዓት አይፈልግም፤ በብዛት የሚወስነው የሊጡ ውፍረት ነው። ያንኑ ሊጥ በትንንሽ ኩባያዎች ብትከፋፍሉት ቶሎ ይበስላል፣ በአንድ ጥልቅ ፓትራ ብትገለብጡት መሀሉ ሳይበስል ዳሩ ይጠቁራል።

ኤክሴል ከአፑ ይሻላል ባይ ነኝ። መልኩ አያምርም፣ ግን የሚፈለገው አንድ ስሌት ብቻ ነው፦ ጠቅላላ ሊጥ ሲካፈል ለእጆቹ ድምር፣ ሲባዛ በየራሱ እጅ። አንዱን ሕዋስ፣ የፍሬውን ብዛት፣ ስትቀይሩ ሁሉም ራሱን ያስተካክላል። ከሥሩ ደግሞ አፑ ቦታ የማይሰጣችሁን ነገር መጻፍ ትችላላችሁ፦ ስንት ተሸጠ፣ ስንት ሰዓት ላይ አለቀ።

የሽያጩ ሬሾ ከሊጡ ሬሾ ይከብዳል። የሊጡ እርግጥ ነው፣ የሰዉ ግምት ነው። ሆኖም ግምትን በደረጃ መከፋፈል "መቶ ይበቃል መሰለኝ" ከማለት ይሻላል። 200 ሰው ይመጣል እንበል። ከአራቱ አንዱ ቢገዛ 50 ገዢ ነው። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቢወስድ 100 ፍሬ። እነዚህ ቁጥሮች ምሳሌ ናቸው፣ የናንተን አስገቡ። ጥቅሙ ስትሳሳቱ የትኛው ላይ እንደሆነ ማወቃችሁ ነው። ሰዉ አልመጣም? መጥቶ አልገዛም? ገዝቶ አንድ አንድ ብቻ ወሰደ? ሦስቱ የተለያየ መድኃኒት ነው ያላቸው፣ እና መድኃኒቱ ሁልጊዜ "ቀንሱ" አይደለም።

መቶውን ደግሞ በዓይነት ከፋፍሉት። ለምሳሌ ኩኪስ 5፣ ሙፊን 3፣ ቁራጭ ኬክ 2። 50፣ 30፣ 20 ይሆናል። ለቀጣዩ ይህን ሬሾ የምታስተካክሉት ባለፈው ሽያጭ ነው፤ ግን ወጥመድ አለው። ኩኪሱ 50ውም ተሸጠ፣ ሙፊኑ ከ30 25 ተሸጠ ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ የኩኪስ ፍላጎት 50 ነበር ማለት አይደለም። ኩኪሱ በአንደኛው ሰዓት አልቆ ለቀሪው ሦስት ሰዓት የጠየቀ ሁሉ ባዶ እጁን ሄዶ ሊሆን ይችላል። አልያም ኩኪስ አጥቶ ሙፊን ገዝቶ ይሆናል፤ ያኔ የሙፊኑም ቁጥር ውሸት ነው። ለዚህ ነው ያለቀበትን ሰዓት ጻፉ የምለው። ያለቀ ነገር ቁጥሩ ትንሹን ፍላጎት ነው የሚነግራችሁ፤ ትልቁን አይነግራችሁም። ይህም ሆኖ በአንድ ጊዜ እጥፍ አታድርጉት፣ ሰው በሁሉም ሰዓት እኩል አይመጣምና። ከ5 ወደ 6 ወይም 7 ከፍ አድርጋችሁ እዩት።

የሚያድርና የማያድር ነገርም እኩል አይታይም። ኩኪስ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ቀናት ይቆያል፣ ጥሬ ሊጡም በፍሪዘር ይቀመጣል። ትንሽ ክብ ዳቦ ግን በማግስቱ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ስትጠራጠሩ የሚያድረውን አብዝታችሁ፣ የማያድረውን አሳንሳችሁ ጋግሩ። 5 በመቶ ጨምሩበት የምትለዋ ልማድ ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆን የለባትም።

ከዚያ ደግሞ ኦቨኑ አለ። ሬሾ ዱቄቱን ያባዛል፣ ኦቨኑን አያሰፋም። ኦቨናችሁ 12 ፍሬ የሚይዝ ሁለት ትሪ ከቻለ አንድ ዙር 24 ነው። 60 ኩኪስ ማለት ሁለት ሙሉ ዙርና አንድ ግማሹ ባዶ የሆነ ዙር ነው። ወይ 48 አድርጉት ወይ 72። ማስገቢያና ማውጫውን ጨምሮ አንድ ዙር 15 ደቂቃ ቢፈጅ 72ቱ በ45 ደቂቃ ያልቃል፤ 60 ብትሉትም ያው 45 ደቂቃ ነው። እኔ ብሆን የመጨረሻውን ቁጥር ሁልጊዜ ወደ ኦቨኑ ዙር አጠጋጋለሁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ ሊጡን እንደገና አሰላለሁ።

የእርሾ ሊጥ ላይ ይህ ይበልጥ ያስቸግራል። ብዙ ሊጥ አንድ ላይ ሲሆን ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ከትንሹ ቶሎ ሊነሳ ይችላል። 40 ዳቦ ድቡልቡል እያደረጋችሁ የመጨረሻው ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ተነስቶ ኦቨን ይለምናል። ኦቨኑ 20 ብቻ የሚይዝ ከሆነ ግማሹን ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። የቤት ማቡኪያ ማሽንም ልክ አለው፤ ከመመሪያው ላይ የሚችለውን ክብደት እዩ፣ ጭስ ከሸተታችሁ በኋላ አይደለም።

አሁን ወደ ሚዛኑ ነውሮች።

ትልቁ ራሱን ማጥፋቱ ነው። ብዙዎቹ ባትሪ ለመቆጠብ ብለው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋሉ። ባዶ ሳህኑን አስቀምጣችሁ ቁጥሩን ዜሮ አድርጋችሁ ዱቄት ጨምራችሁ፣ ቅቤ ልትቆርጡ ዞር ስትሉ፣ ድርግም። መልሳችሁ ስታበሩት ያለውን ሁሉ ዜሮ ብሎ ይጀምራል፤ ምን ያህል ገብቶ እንደነበር አያስታውስም። አንዱን ኮከብ የወሰደበት ይህ ነው። መፍትሔው የእያንዳንዱን ባዶ ሳህን ክብደት ከሥሩ በማይለቅ እስክሪብቶ መጻፍ ነው። ሚዛኑ ቢጠፋም ሁሉንም አንስታችሁ፣ አብርታችሁ፣ መልሳችሁ ስታስቀምጡ የሳህኑን ትቀንሳላችሁ።

ሁለተኛው ትንንሽ መጠን ላይ ያለው ድክመት ነው። በ1 ግራም የሚያነብ ሚዛን 7 ግራም እርሾ ላይ ግማሽ ግራም ወዲህ ወዲያ ቢል እንኳ ከመቶ ሰባት እጅ ያህል ስህተት ነው። ጨው ቆንጠር ቆንጠር እያደረጋችሁ ስትጨምሩበት ጭራሽ ላይቆጥር ይችላል። በአንድ ጊዜ ጨምሩ፤ ወይም በ0.1 ግራም የምታነበዋን ትንሿን የኪስ ሚዛን ለእርሾ፣ ለጨውና ለቤኪንግ ፓውደር ያዙ። ብዙ ለሚጋግር ሰው ሁለቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነኝ።

ሌላው የሚያበሽቅ ነገር ሰፊ ሳህን ስክሪኑን መሸፈኑ ነው። እየተጎነበሳችሁ ከሥር ታያላችሁ። ከሳህኑ ሥር ትንሽ ጠንካራ ዕቃ አስቀምጣችሁ ዜሮ ብታደርጉት ይገላግላችኋል። 5 ኪሎ የሚለው ልክም ሳህኑን ጨምሮ መሆኑን አትርሱ። የመለኪያ መቀየሪያው ቁልፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮው አጠገብ ነው፤ ጣት ስቶ ወደ አውንስ ካለፈ አንዱ አውንስ 28 ግራም ከምናምን ነው፣ ጉድ ነው የሚሆነው። ሚሊ ሊትር የሚለውንም አትመኑት። ሚዛኑ የፈሳሹን ዓይነት አያውቅም፤ ውሃ ነው ብሎ ነው የሚገምተው። ዘይት ከውሃ ይቀላል፣ ማር በጣም ይከብዳል። ግራም ላይ ትታችሁ እርሱት።

ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ዕቃ መሀሉ ላይ፣ ከዚያ በአራቱም ጥግ አስቀምጡበት። ቁጥሩ ከተለያየ ተዉት። ስክሪኑ ወደ ፊት ወጣ ያለ፣ ወይም ራሱን ማጥፋቱ የሚዘጋ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ። ባትሪው በየትኛውም ሱቅ የሚገኝ ዓይነት ይሁን፤ የሽያጩ ዋዜማ ሌሊት ላይ ነው የሚያልቀው። መድከም ሲጀምር ቁጥሩ መዋለል ሊጀምር ስለሚችል አንድ መለዋወጫ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።